ከጉሮሮ ያልወረደው ወይን

መካኒኩ ወደ ወይን መጥመቂያው ግቢ የመጣው ለፍቅር አልነበረም። ለፓምፕ ነበር።

የለቀማ ሰሞን ነው። ወይኑ ከማሳው በጋሪ በጋሪ እየገባ፣ ገንዳው ውስጥ ተጨፍልቆ መፍላት ጀምሯል። ጭማቂውን ከገንዳ ወደ በርሜል የሚገፋው ፓምፕ ግን እንደ አሮጌ አጫሽ ሳል ሳል አለና ቀጥ አለ። የሚፈላ ወይን ደግሞ «ቆየኝ» ቢሉት የሚቆይ ነገር አይደለም። ሠራተኞቹ በባልዲ ሲራወጡ፣ የግቢው ጌታ ጭንቅላታቸውን ይዘው ሲቆዝሙ፣ ልጃቸው ስልክ አንስታ ከከተማው ዳር ካለው ጋራዥ መካኒክ አስጠራች።

የግቢውን ጌታ ሠራተኞቹ በሌሉበት «ጋሼ ቡሽ» ይሏቸዋል። ከኮታቸው ኪስ የጠርሙስ ቡሽ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሲናደዱ ያሹታል፣ ሲደሰቱ ያሸቱታል። ልጃቸውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ዘለላ» ብለው ስለሚጠሯት፣ ሌላ ስም ያላት የሚመስለው ሰው የለም። ዘለላ ጥመቃን ከአባቷ እጅ ተምራለች፤ ትምህርት ቤት ገብታም ተመርቃበታለች። በዚያ ዓመት ነው አባቷ «እንግዲህ እጄም ምላሴም ደክሟል፤ የዘንድሮው ወይን ያንቺ ነው» ብለው የምድር ቤቱን ቁልፍ ያስረከቧት። ስለዚህ ያ ፓምፕ ሲቆም የሷም ልብ አብሮ ቀጥ ሊል ምንም አልቀረውም።

መካኒኩ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ጓደኞቹ «ብሎን» ይሉታል፤ አንዴ ከጠበቀ አይላላምና። እጅጌውን ሰብስቦ፣ እስከ ብብቱ ጭማቂ ውስጥ ገብቶ ፓምፑን ፈታው። ከጉሮሮው የወይን ጭራሮ በእፍኝ አውጥቶ መሬት ላይ ጣለና ብረቱን መታ መታ አደረገው።

«ሌላ ሕመም የለበትም» አለ። «ሰክሮ ነው።»

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ፓምፑም እንደተሰደበ ሰው እያጉረመረመ ተነሣ። ጋሼ ቡሽ ፊታቸው በርቶ ካምናው ወይን በብርጭቆ ቀድተው ያዙለት።

«እኛ ቤት የሠራ ሰው ሳይቀምስ አይወጣም።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አልጠጣም።»

«ቢራ ነው የምትጠጣው?»

«ምንም አልጠጣም።»

«ጉበትህን ያምሃል?»

«ኧረ ጤነኛ ነኝ።»

የሽማግሌው እጅ ወደ ኪሳቸው ገባና ቡሹን ማሸት ጀመረ። ዘለላም «ኩሩ ነው» አለች በልቧ፤ «የሰው ላብ የሚንቅ ኩሩ።» እሱ ግን ብርጭቆውን መልሶ መስጠቱ ነውር ሆኖበት በሁለት እጁ እንደያዘው ቀርቶ ነበር። ምን እንደነካው እንጃ፣ ቀስ ብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። የተኛ ውሻ እንደሚያሸት ሰው፣ በፍርሃት። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ቆየ፤ ሲገልጠውም መጀመሪያ ያየው እሷን ነው።

ዘለላ ስለ ኩራቱ ያሰበችውን ሁሉ በዚያች ቅጽበት ረሳችው።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

«ፓምፑን ለማየት ነው» አለ።

«ፓምፑ ደህና ነው» አለችው።

«ደህና መሆኑን ለማየት ነው።»

ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ በርሜሎቹ አዞረች። ግን እየሳቀች መሆኗን ትከሻዋ ነገረባት።

እንዲህ ተጀመረ። ከጋራዥ ሲወጣ ግሪሱን ታጥቦ ይመጣል፤ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳሉ። ቀዝቃዛ ነው፤ በርሜሎቹ ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ወፍራም አዛውንቶች ተደርድረዋል፤ አየሩ ራሱ እንጨት እንጨት፣ ወይን ወይን ይላል። ዘለላ ከበርሜሉ በቀጭን ቱቦ ስባ ትቀዳለታለች።

«በእግሩ ይያዙት።»

«ብርጭቆ እግር አለው እንዴ?»

«አለው። ልክ እንደ እርስዎ ቀጭን። ሆዱን ከያዙት ይሞቅበታል።»

«እኔንም ሆዴን ከያዙኝ ይሞቀኛል» አለ መካኒኩ፤ ይህን ያህል ረጅም ቀልድ ከአፉ መውጣቱ ራሱን አስደንግጦት ጆሮው ቀላ።

መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በአፍንጫ፣ በመጨረሻ በአፍ መሆኑን አስተማረችው። አፍ ላይ ሲደርሱ ብሎን ጠበቀ።

«አልውጥም» አለ።

«ማን ይዋጡ አለዎት? እኛም ስንቀምስ አንውጥም። ቀኑን ሙሉ እየዋጥን ብንውል በርሜሉን ማን ይከድናል?» አለችና ተጎነጨች፤ አፏ ውስጥ አንከባለለችው፤ ከዚያ ለመትፊያ ወደተቀመጠው የመዳብ ገንዳ እንደተወረወረ ክር ቀጥ አድርጋ ተፋችው።

ብሎን አፉን ከፈተ። የትልቅ ቤት ልጅ፣ ያውም እንዲህ ያለች ቆንጆ፣ ሰው ፊት ስትተፋ አይቶ አያውቅም።

እሱም ሞከረ። የመጀመሪያ ጊዜ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ጫማው ላይ አረፈ። እየዋለ እያደረ ግን እጁ ብሎን እንደለመደ አፉም ወይን ለመደ። ምላስ ጫፍ ላይ የሚኮመጥጠውን፣ ድድ ጨምድዶ የሚይዘውን፣ ለስለስ ብሎ የሚያልፈውን እየለየ ሄደ።

«ምን ምን ይልዎታል?» አለችው አንድ ቀን።

አሰበ። «ሊዘንብ ሲል የሚነሣው አቧራ። ደግሞ... ይስቁብኛል... ፀሐይ ሲመታው የዋለ የመኪና ወንበር። የቆዳው።»

አልሳቀችም። «አፍንጫ የኖረበትን ነው የሚያስታውሰው» አለችው። «የኔና የእርስዎ አንድ ሊሆን አይችልም። ለዚህ ነው ብቻዬን ስቀምስ የሚጎድለኝ።»

መካኒኩ ይህን ሲሰማ ብርጭቆውን መልሶ አሸተተው። የሱ አፍንጫ ስለ መጠጥ የሚያስታውሰው ነገር ሌላ ነበር፤ ሊናገረው የማይወደው ነገር። እዚህ ምድር ቤት ውስጥ ግን ያ ሽታ የለም። ይኼ፣ ሰው አስቦበት፣ ጠብቆት፣ ደክሞበት የመጣ ሽታ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከወይን ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ለምንድን ነው የማይውጡት?» አለችው በዚያው ቀን። «ለመቅመስ መትፋትስ ይሁን። ሥራ ሲያልቅ አንዲት ጉንጭ እንኳ?»

«አንድ ቀን እነግርሻለሁ» አለ።

እነግርዎታለሁ አላለም። እነግርሻለሁ አላት። ዘለላ ያቺን «ሽ» ይዛ፣ ጥያቄዋን እዚያው በርሜሉ ላይ ረስታ ወጣች።

ጋሼ ቡሽ ግን ምንም አልረሱም።

«ይሄ ልጅ ሥራችንን ይተፋል» አሏት አንድ ጠዋት።

«አባዬ፣ እርስዎም እኮ ይተፋሉ።»

«እኔ ስሠራ እተፋለሁ፤ ስደሰት እውጣለሁ። እሱ መቼ ነው የሚደሰተው? ወይን የማይወርድለት አማች እኔ ቤት? ሰው ምን ይለኛል!»

«አማች ያለ ማን ነው?» አለች ዘለላ፤ ጉንጯ ግን አዎ ይል ነበር።

ወይኑ በርሜል ውስጥ ከረመ። ጊዜው ደርሶ ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥ፣ ዘለላ የመጀመሪያዋን ጠርሙስ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ለአባቷ ልትሰጣት አሰበች፤ ተወችው። ለራሷ ልታስቀምጣት አሰበች፤ ያንንም ተወችው። በመጨረሻ በነጭ ወረቀት ጠቅልላ፣ በእጇ ሁለት መስመር ጽፋበት፣ በግቢው ሹፌር እጅ ወደ ብሎን ቤት ላከቻት። «ልጅዎ ባይደርስልኝ ይህ ወይን አይኖርም ነበር። የድካሜ የመጀመሪያው ፍሬ ለእናቱ ይገባል።» እናቱን አይታት አታውቅም። ልብስ ሰፊ መሆኗን፣ አንድ ልጇ እሱ ብቻ መሆኑን ብቻ ነው የሰማችው። ልቧ በኩራት ሞልቶ፣ መልሱን እየጠበቀች ዋለች።

መካኒኩ በዚያ ቀን ወደ ቤቱ ሲገባ የስፌት መኪናው ድምፅ አልተሰማውም። እነሱ ቤት ያ መኪና ጸጥ የሚለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። እናቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ዙሪያዋን የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሯል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከመቀሱና ከክሩ መሀል፣ ጠርሙሱ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እማዬ...»

«ወይን ነው አትበለኝ። ጠርሙስ አንተ ሳትወለድ አውቃለሁ። ይህን በር አልፎ ጠርሙስ ከገባ ስንት ዘመኑ ነው?»

«ስጦታ ነው።»

«አባትህም ስጦታ ነው ይል ነበር።» ድምጿ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለው ነበር። «ሸሚዝህን ሳጥብ እድፍ አያለሁ። ግሪስ ነው እላለሁ። እኔ ሞኟ! ግሪስ መቼ ቀይ ሆኖ ያውቃል?»

«አልጠጣሁም እማዬ።»

«ይህንንም ይል ነበር።»

አባቱ መልሱን ሁሉ አስቀድሞ ጨርሶበታል።

አባቱ ጥሩ አናጢ ነበር ይላሉ፣ ሳይጠጣ የሚያውቁት። ልጁ የሚያስታውሰው ግን በር ተደግፎ የሚገባውን ሰው፣ የተሸጠውን አልጋ፣ የእናቱን ያበጠ ከንፈር ነው። አንድ ጠዋት ከቦይ ውስጥ አንሥተው አመጡት። ከቀብር መልስ እናቱ ልጇን ፊቷ አቁማ «ያጠባሁህ ጡት ይፍረድብህ፣ ከጉሮሮህ እንዳይወርድ» አለችው። እሱም «ከጉሮሮዬ አይወርድም» ብሎ ማለላት። ከዚያ ወዲህ እናቱ ስሙን ትታ «ዋሴ» ትለዋለች።

በዚያች ቀን ግን ዋሴ አላለችውም።

ብሎን ወደ መጥመቂያው ግቢ የሄደው ልቡ እየነደደ ነው። ዘለላ ከሩቅ ስታየው ፊቷ በራ፤ እየሮጠች ልትቀበለው ስትል የሱ ፊት አቆማት።

«ሳትጠይቂኝ ማን ላኪ አለሽ?»

«ምን?»

«ጠርሙሱን። ወደ ቤቴ። ወደ እናቴ!»

«የመጀመሪያዬ ነበር» አለች ዘለላ ቀስ ብላ። «ከሁሉ በፊት ለሷ ብዬ... አልወደደችውም?»

«እኛ ቤት ወይን አይገባም።»

«የኔን ስም እዚያ ቤት ማንሣት ያሳፍርሃል?»

«አንቺን አይደለም!»

«ታዲያ ሥራዬን ነዋ!»

አሁን ነበር መናገር የነበረበት። «አባቴ ሰካራም ነበር» ማለት ሦስት ቃል ነው። ግን እነዚያን ሦስት ቃላት ለማንም ተናግሯቸው አያውቅም፤ ከዚህ ሰፊ ግቢ መሀል፣ ከዚህች አባቷን በኩራት ከምትጠራ ልጅ ፊት፣ ምላሱ ላይ ዝገው ቀሩ።

ዘለላ ዝምታውን አየችውና እንደ መልስ ወሰደችው።

«እንግዲህ ስማ» አለች፤ አገጯ ቀና ብሎ፣ ዓይኗ ግን ሞልቶ። «እኔ ከዚህ ማሳ ነው የበቀልኩት። ወይን የማይገባበት ቤት እኔም አልገባም።»

ሄደ። እስከ በሩ ድረስ «ይዞር ይሆናል» እያለች ተከተለችው በዓይኗ። አልዞረም። ኩራት እንዲህ የሚያም ነገር መሆኑን ዘለላ ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንዲት ሴት ጠርሙስ ታቅፋ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። አንገቷ ላይ የስፌት ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ከሥራ መሀል ድንገት እንደተነሣች ያስታውቃል።

«የብሎን እናት ነኝ» አለች።

ዘለላ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «እማማ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ...»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። ዕቃሽን ልመልስ ነው።» ጠርሙሱን በርሜል ላይ አኖረችው። ሳይከፈት እንደተላከ ነው። «ክፋት እንደሌለሽ ጽሑፍሽ ይናገራል። ሰውን ሳላውቅ መቀየም አልወድም፤ ለዚህ ነው ራሴ የመጣሁት።» ከዚያም ቆማ እንዳለች ነገረቻት። ስለ አናጢው፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ መሐላው። የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ይመስል አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅዋ አልተሰበረም። በመጨረሻ ግን፦

«አሁን እውነቱን ንገሪኝ» አለች። «እናት አይደለሽም፣ አታውቂውም። ልጄ እዚህ ሲመጣ ምን ያህል ነው የሚጠጣው?»

ዘለላ በእጇ አፏን ያዘች። ያ ሁሉ የዘጋባት ነገር አንድ ጊዜ ተከፈተላት።

«እማማ!» አለች። «አንዲት ጠብታ አልዋጠም! አባቴ ልጅዎን የሚጠሉት ስለማይውጥ እኮ ነው! እኔም የተጣላሁት...» አልጨረሰችውም። ሴትየዋን በእጇ ይዛ ወደ መዳብ ገንዳው ወሰደቻት። «እዚህ ነው የሚተፋው። ከቀመሰው ሁሉ አንዱም ከጉሮሮው አልወረደም። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም ንቆኝ መሰለኝ።»

እናትየዋ ገንዳውን አየችው። ዙሪያዋን በርሜሎቹን አየች።

«በዚህ ሁሉ መሀል ቆሞ?»

«በዚህ ሁሉ መሀል።»

«ባሕር ውስጥ ገብቶ ሳይረጥብ የወጣ!» አለች ሴትየዋ፤ ያን ጊዜ ነው ድምፅዋ የተሰበረው። አልቀመጥም ያለችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እኔም አላመንኩትም። አንድ ልጄን ከሟች ጋር ደመርኩት።»

ዘለላ እግሯ ሥር ተንበረከከች።

«እማማ፣ አልዋሽዎትም» አለች። «ባልዎን የገደለው መጠጥ ነው፤ እኔ የምሠራውም መጠጥ ነው። ሌላ ነገር ነው ብዬ አላታልልዎትም። ግን ልጅዎ እዚህ የሚመጣው ሊረሳ አይደለም፤ ሊያውቅ ነው። ሲቀምስ ቢያዩት፣ ክር መርፌ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ነው የሚመስለው።»

ልብስ ሰፊዋ የልጅቱን አገጭ በጣቷ ቀና አድርጋ ፊቷን መረመረችው፤ የጨርቅ ጥራት እንደምታይ።

«እሑድ የዘንድሮው ወይን ለሰው ይከፈታል» አለቻት ዘለላ። «ቢመጡ...»

«እንጃ» አለች ሴትየዋ። ግን እጇን ከልጅቱ አገጭ ቶሎ አላነሣችም። ያ «እንጃ» ዘለላን ከመሳም በላይ አሞቃት።

እሑድ ጠዋት ብሎን ሲነሣ ወንበሩ ላይ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ተተኩሶ ተሰቅሎ አገኘ።

«ሂድ» አለችው እናቱ ከመኪናዋ ቀና ሳትል። «ያቺ ልጅ ሥራዋን ታሳያለች። ሰው ሲከበር አጠገቡ መቆም ደግ ነው።»

«አንቺ... እንዴት አወቅሽ?»

«ሸሚዙን እንዳታበላሸው» ብቻ አለችው። ከዚያ፣ እግሩ ከደጃፉ ሲወጣ፣ «ዋሴ» ስትል ሰማት።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ለቃሚዎቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመዋል። ብሎን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆመ። ዘለላ ጠርሙስ እየከፈተች ቀና ስትል በሰው ትከሻ መሀል አየችው። እጇ ቡሹ ላይ ቀረ። ይቅርታ አልተባባሉም፤ ግን ያ አስተያየት ይቅርታ ካልሆነ ይቅርታ የሚባል ነገር የለም።

ጋሼ ቡሽም አስተያየቷን ተከትለው አዩት።

«ና ብሎን!» አሉ በሰው ሁሉ ፊት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ኩሩ እንጂ። «ይህ ወይን በርሜል የገባው አንተ በጠገንከው ፓምፕ ነው። የመጀመሪያው ብርጭቆ ያንተ ነው። ነገር ግን ዛሬ መትፋት የለም!»

ሰው ሳቀ። ብሎን ወደፊት ወጣ። ብርጭቆውን በእግሩ ያዘው፤ ወደ ብርሃን አነሣው፤ ረጋ ብሎ አሸተተው። ከዚያ ወይኑን ሳይቀምስ ብርጭቆውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ጋሼ፣ አልችልም።»

«የልጄን ድካም በሰው ፊት?» አሉ ሽማግሌው። ፊታቸው ጠቆረ።

«አባቴ ሰካራም ነበር» አለ ብሎን።

ሦስቱ ቃላት ወጡ። መሬቱ አልተከፈለም። ቀጠለ።

«ጠጥቶ ቦይ ውስጥ ሞተ። ለእናቴ ከጉሮሮዬ አይወርድም ብዬ ምያለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አፍሬበት። ዛሬ ግን የዚህን ወይን ክብር ከማጠፋ የራሴን ኀፍረት ባወጣው ይሻላል። ጋሼ፣ ልጅዎ የሠራችውን እኔ አልናቅሁም። ድሮ የመጠጥ ሽታ ስሰማ አልቅስ አልቅስ ይለኝ ነበር። በሷ እጅ ነው እንደ ሰው ያሸተትኩት።»

ዘለላ ጠርሙሱን አስቀምጣ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ትከሻዋ ትከሻውን ነካ፤ አላሸሸችውም።

«አባዬ» አለች፣ ድምፅዋ ለሁሉም እየተሰማ፣ «እኔ ወይኔን የሚጠጣልኝ ሰው አላጣሁም። ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው ያጣሁት። አሁን አግኝቻለሁ። ቢውጥም ባይውጥም ኮርቼበታለሁ።»

ጋሼ ቡሽ ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን አስገቡ። ግን ቡሹን አላሹትም።

ይህን ጊዜ ሰው ገለል ገለል አለ። ልብስ ሰፊዋ ናት። ያላትን ጥሩ ቀሚስ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ፣ ማንንም ሳታይ መጣች። መቼ እንደገባች ልጇ እንኳ አላየም፤ የተናገረውን ግን አንድ ሳይቀር ሰምታለች።

«እኔ ነኝ ያስማልኩት» አለች ለሽማግሌው። «የምፈታውም እኔው ነኝ።»

ብርጭቆውን አነሣች። ልጇ ሲያደርግ እንዳየችው ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ብዙ ዓመት የሸሸችውን ነገር አጠገቧ አድርጋ ቆየች።

«የኛ ቤት ሽታ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ ሌላ ነው።»

ብርጭቆውን ለልጇ አቀበለችው።

«ዋሴ፣ አንተ አባትህን አይደለህም። እኔ ነኝ ለማወቅ የዘገየሁት። መሐላህን ፈትቼልሃለሁ። ብትሻ ጠጣ፤ ባትሻ ተወው። ከዛሬ ወዲያ ጉሮሮህ የራስህ ነው።»

ብሎን እናቱን አየ። ዘለላን አየ። ከዚያ ተጎነጨ። ሰው ሁሉ፣ ነጋዴው ሳይቀር፣ ጉሮሮውን ያይ ነበር። ወረደ።

«እንዴት ነው?» አለችው ዘለላ በሹክሹክታ። ከአባቷም ከነጋዴዎቹም ፍርድ ይልቅ ይህን ፈርታለች።

«አያልቅም» አለ፤ ዓይኑ እንባ አዝሎ። «ከወረደ በኋላም አለ። ስተፋው መጨረሻውን አላውቅም ነበር።»

ጋሼ ቡሽ ልብስ ሰፊዋን እጅ ነሡና የራሳቸውን ወንበር ስበው አስቀመጧት። ከዚያ ወደ ብሎን ዞረው፦

«በል ጨርሳት እንጂ!» አሉ በደስታ።

«ይበቃኛል ጋሼ» አለ ብሎን፤ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ የዘለላን እጅ ያዘ።

ብርጭቆው እዚያው ቆመ፣ ግማሹ እንደቀረ። ፀሐይ ገብቶበት ቀይ ጥላ ጠረጴዛው ላይ ጥሏል። ሰው ሁሉ እየተሳሳቀ ወደ ጠርሙሶቹ ሲጎርፍ፣ እናቱ ያን ብርጭቆ ብቻ ታይ ነበር። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ግማሹ የቀረ ብርጭቆ አይታ አታውቅም። የሰው እጅ ጠርሙስን እንዲህ በቀላሉ ትቶ፣ ሌላ እጅ ሊይዝ እንደሚሄድ አይታ አታውቅም። ቀና አለች። ለብዙ ዓመት መኪና ላይ የጎበጠው ጀርባዋ ቀጥ አለ።

አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት እንግዳ ወደ ነጭ ሸሚዙ እያመለከቱ «ያ ጎልማሳ የማን ነው?» አሏት።

«የኔ ልጅ ነው» አለች።

«አብራው ያለችውስ?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሁለቱ አየች፣ ረጅም ጊዜ፤ ፈገግ ስትልም እንባዋን አልጠረገችውም።

«እሷም» አለች።